ቀድሞ የሚያሸተው ሰው

ዷ። ዷ። ዷ።

የፎርማጆ መርማሪው ሂልከ የመጋዘኑን በር ሳይከፍት ነው ድምፁን የሰማው። የሆነ ሰው በጣቱ አንጓ ፎርማጆ ያንኳኳል። ቆሞ አዳመጠ። ሙሉ ድምፅ ነው፤ ውስጡ ክፍተትም ስንጥቅም የለውም።

ጋዋኑን እየቆለፈ ሲገባ ጌስከን አገኛት። ከከተማው ወጣ ብላ ላሞች የምታረባ፣ ፎርማጆዋንም ራሷ የምትሠራ ሴት ናት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ ክብ ፎርማጆ አስቀምጣለች። አጠገቧ ሂልከ ራሱ ሥራውን ያስተማራት መርማሪ ማሪት ቆማለች።

"በጠዋት ምነው? ላሞቹ አባረሩሽ እንዴ?" አላት።

"እነሱስ ይሻሉኛል፤ እንዳንተ አያስጠብቁኝም።" ጌስከ ፎርማጆውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። "አብረው የተሠሩት የቀሩት ወንድሞቹ ነገ ለነጋዴ ይጫናሉ። እኔ ጠርጥሬያለሁ፤ ባሌ ደግሞ ምንም አልሆነም ይላል። አንተ ያልከው ይሁን ብለን ተለያየን።"

ሂልከ ቱቦ መሰሉን መብሻ ፎርማጆው ውስጥ ወግቶ፣ አዙሮ ሳበው። ጣት የሚያህል ቁራጭ ወጣ። በዚህ መጋዘን ቀድሞ የሚያሸተው ትልቁ መርማሪ ነው፤ እሱ ከፈረደ በኋላ ታናሹ በፎርማጆው ባለቤት ፊት ቃል አይመልስም። ከጥር ወዲህ ግን ሂልከ "ተለማመጂ" እያለ ቁራጩን ለማሪት ያቀብል ነበር። ከዚያ ፊቷን ያያል። አፍንጫዋ ከተሸበሸበ "ይጣል"፤ ካልተሸበሸበ "ይለፍ"።

ጥር ላይ፣ ቦዩ በረዶ በሠራበት ሰሞን፣ ሲንሸራተት በማጅራቱ ወድቆ ነበር። ሐኪሙ የፕላስቲክ ራስ ቅል ከፍቶ አሳየው። ከአፍንጫ በላይ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ስስ አጥንት አለ፤ በየቀዳዳው ከፀጉር የቀጠኑ የማሽተት ነርቮች ያልፋሉ። ራስ ሲመታ አንጎል ይንሸራተታል፣ ነርቮቹም እዚያው ይበጠሳሉ። "የምላስህ ነርቭ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው፤ ጨውና ጣፋጭ ትለያለህ" አለው። ሽታው ይመለስ እንደሆነ ግን ቃል አልገባለትም። አንድ ቀን ሰናፍጭ አፍንጫውን ቢያቃጥለው ሂልከ ተደስቶ ደወለ። "እሱ ሌላ፣ የፊት ስሜት ነርቭ ነው" አለው ሐኪሙ፤ "ማቃጠልን እንጂ ሽታን አያውቅም።" ሂልከ ማሽተት እንዳቃተው ለማንም አልተናገረም። ከሥራው ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

"እንቺ፣ ተለማመጂ" አላት ማሪትን።

"ተለማመድኩ እኮ ጋሼ። ዛሬ አንተ ቅደም።" እጆቿን ከኪሷ አላወጣችም።

ቁራጩን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ሳበ። አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑን ብቻ አወቀ። ፍርፋሪ ምላሱ ላይ አደረገ፤ ጨው አለው፣ ትንሽም ይጣፍጣል። በጣቶቹ ሲያሸው ልስልስ ነው። ድምፁም ሙሉ ነበር።

"ጥሩ ነው" አለ። "ይለፍ።"

ጌስከ በረዥሙ ተነፈሰች። "ተመስገን። የኔ አፍንጫ ነው እንግዲህ ያረጀው። መኪና ውስጥ ሸተተኝ ብዬ በዚህ ብርድ መስኮት ከፍቼ ነው የመጣሁት።" ሳቀች። "ባሌ ይሄን ቢሰማ መሳቂያ ያደርገኛል። በል ማኅተሙን ምታልኝ፤ ልሂድና ላስጭን።"

ሂልከ ማሪትን አያት። ማሪት ከንፈሯን ገጥማ ወለሉን ታያለች። ቁራጩ ከአፍንጫዋ ብዙም አይርቅም።

ማኅተሙን አነሳ። ጌስከ መኪና ውስጥ መስኮት ከፍታ፣ በብርዱ ትከሻዋን ሰብስባ ስትነዳ በዓይነ ሕሊናው ታየችው። ማኅተሙን መልሶ አስቀመጠው።

"ማሪት፣ አሽትቺው።"

"አንተ ፈርደሃል እኮ ጋሼ።"

"አሽትቺው አልኩሽ።"

ቁራጩን ተቀበለችው። አፍንጫዋ ጋ ሳይደርስ ፊቷ ተሸበሸበ። "የተበላሸ ገፈራ፣ ታምቆ የከረመ መኖ፣ በልተዋል ላሞቹ" አለች ቀስ ብላ። "አንዱም መጫን የለበትም።"

"ቆይ፣ ቆይ" አለች ጌስከ። "አንዳችሁ ይለፍ፣ አንዳችሁ አይጫን። የማንን ልስማ?"

"የሷን" አለ ሂልከ።

መብሻውን ጠርጎ ማሪት ፊት አስቀመጠላት። ጋዋኑን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ።

"ምነው፣ ምን ሆነህ ነው?" አለች ጌስከ።

በሩን ከፍቶ ወጣ።