ስኳር ያለው ሻይ

እስቲ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ ልጆቼ፤ ምንጣፉ ለሁላችንም ይበቃል። የማወራችሁ ስለ ሳባጊ ነው፤ እዚሁ ሃይደራባድ፣ የብርጭቆ አምባር በሚሠራበት ሰፈራችን ስለነበረው ስለ አላህዲኖ ልጅ።

የአባቷ ለቅሶ ሦስተኛ ቀን ነበር። ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ተደርድረዋል። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ሁሉም መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ለሟች ይጸልያሉ፤ ፊታቸውን ያብሱና ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል። በለቅሶ ቤት እሳት አይነድምና ወተት ያለው፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ ከጎረቤት መጥቷል። ሳባጊ ይዛው እጇ ላይ ቀዝቅዟል።

“ጠጪ እንጂ ልጄ” አለቻት ኒማኒ፣ በግድግዳ የምትዋሰናቸው ጎረቤታቸው።

“እሺ አክስቴ።”

“እሺ ትላለች፣ አትጠጣም። ቁርጥ አባቷን! እሱም አርባ ዓመት እሺ እያለ ነው ያታለለን።”

ሴቶቹ ሳቅ አሉ። እናቷ ሁርማት እንኳ ፈገግ አለች። የእጇ አንጓ ባዶ ነው፤ ባሏ የሠራላትን አምባሮች በቀብሩ ዕለት እንደ ባልቴት ወግ አውልቀውላታል።

የአላህዲኖ ሥራ እዚያው ቤቱ ውስጥ የአምባሩን ጫፍና ጫፍ በእሳት ማጋጠም ነበር። ነፋስ ነበልባሉን እንዳያወዛውዘው መስኮቱ ይዘጋል፣ ማራገቢያው ይጠፋል። ለኛ ሰፈር ሰው ላብ እንደ ልብስ ነው። ተጫዋች ነበር፤ አምባር ሲሰበርበት “ይቺ ባሏን አልወደደችም” ይል ነበር።

ስኳር በሽታ ከያዘው ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ኪኒኑ ሲወደድበት፣ በየቀኑ የታዘዘለትን አንዱን ቀን እየዘለለ ይውጥ ጀመር። ሳባጊ ይህን ስታይ መድኃኒት ቤት ሄዳ አማከረች። “ይኸኛው ያው መድኃኒት ነው፤ ስሙና ፋብሪካው ነው የተለየው። ዋጋው ግማሽ ነው” አሏት። እየሮጠች መጣች።

“እማ፣ ርካሽ አገኘሁለት! ከነገ ጀምሮ በየቀኑ ይውሰድ!”

አሮጌውን ተዪው አላለቻትም። ደስታው አስረሳት።

ሁርማት ማንበብ አትችልም። የማሸጊያው ቀለም ሌላ፣ የኪኒኑ ቅርጽ ሌላ። ርካሽ ነገር ጉልበት የለውም አለች በሆዷ፤ በገንዘብ የተገዛ መድኃኒት መጣልም ግፍ ነው አለች። እናም በየማለዳው ሁለቱንም በቀኝ እጇ በባሏ መዳፍ ላይ ታኖርለት ነበር።

ሁለቱን መዋጥ በጀመረ በአራተኛው ቀን አላህዲኖ እሳቱ ፊት እንደተቀመጠ እጁ ተንቀጠቀጠ። ላቡ ወረደ። ሙቀቱ ነው አሉ።

“ሳባጊ፣ ስኳር ያለው ሻይ ስጪኝ።”

“አንተ ደግሞ አባ! ስኳር ጠላትህ አይደል?” ብላ ተቆጣችው፤ ውሃ ሰጠችው።

“እሺ” አላት። ጋደም አለ። እንቅልፍ ወሰደው ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉለት።

ሐኪም ቤት ሲያደርሱትም አልነቃም፤ እዚያው አረፈ። ሐኪሙ ሁለቱን ማሸጊያ አገላብጦ አየና ሳባጊን ለብቻዋ ጠራት። “ሁለቱም አንድ መድኃኒት ናቸው እኮ። ስኳሩ ከልክ በላይ ወርዶ ነው። ያኔ ትንሽ ጣፋጭ ቢቀምስ ኖሮ…” አልጨረሰውም።

ለማንም አልተነፈሰችም። የራሷን ጥፋትስ ትሸከመው፤ የእናቷን ግን እንዴት አድርጋ ታሸክማት?

ኒማኒ ወደ ሁርማት ጠጋ አለች። “እህቴ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሱ ኪኒን ተርፎ እንደሆነ… የኔም ሰውዬ ያው ስኳር ነው፤ የራሱን መግዛት አቅቶናል፣ ጥቂት ፍሬ ብቻ ነው የቀረው።”

“ውሰጂ እንጂ!” ሁርማት ከትራሱ ሥር የኪኒኑን ቆርቆሮ አወጣች። “ሁለት ዓይነት ነው። ደርበሽ ስጪው፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው።”

“እማ፣ ጊዜው አልፎበታል” አለች ሳባጊ።

“ከምንም ይሻላል ልጄ” አለች ኒማኒ፤ ማሸጊያዎቹን በነጠላዋ ጫፍ መቋጠር ጀመረች።

ሳባጊ እጇን ያዘቻት። “አትስጪው አክስቴ! ሁለቱ አንድ ናቸው። አባን የገደለው መደረቡ ነው።”

ኒማኒ ማሸጊያዎቹን እንደሚያቃጥል ነገር ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻቸው።

“አንድ ናቸው?” አለች ሁርማት።

“እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ፣ እማ። ሻዩንም የከለከልኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ…”

ሁርማት አልሰማቻትም። “በየማለዳው…” አለች። “በየማለዳው እሺ እያለ…”

በዚህ መሐል አንዲት ሴት ለቅሶ ልትደርስ ገባች። እንደ ወጉ ሁሉም መዳፉን ዘረጋ። ሁርማትም ዘረጋች። ከዚያ ቀኝ መዳፏን ትክ ብላ አየችው፤ ቀስ ብላ ጨበጠችው፤ ከነጠላዋ ሥር ደበቀችው። ጸሎቱ ያለ እሷ አለቀ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አዲስ መድኃኒት ወደ ቤታችሁ ሲገባ “የፊተኛውን ልተወው ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። እባካችሁ፣ ያቺን የተጨበጠች እጅ አስታውሱልኝ።