ኪስ የወጣለት ሥጋ

ባለፈው እሑድ፣ ከቀኑ በሰባት ሰዓት፣ በቤቴ ምሳ መበላቱን የማሳውቀው በታላቅ የኃላፊነት ስሜት ነው። ተበልቷል። አራት ሰዎች ነበርን፣ ወንበሩም አራት ነው፣ የጎደለ ሹካ አልነበረም። ስለዚያ ምሳ በሰፈሩ የሚወራው ሌላው ሁሉ ጭማሪ ነው። ያበሰልኩት እኔ ነኝና ከእኔው ይሰማ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከቤቴ ሥር ነው፤ አሥራ አራት ደረጃ ስወጣ ከመኪናዬ ተነሥቼ ምድጃዬ ጋ እደርሳለሁ። መኪና ስል የስፌቱን ነው። በሥራዬ አንድ ልማድ አለኝ፤ ጨርቅ ሲመጣልኝ ፊቱን አላይም፣ ገልብጬ ጀርባውን ነው የማየው። ፊትማ ለሁሉም ይስቃል።

ቀናተኛ አይደለሁም። ይህን የምናገረው ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። ቀናተኛ ባል ሚስቱን "የት ነበርሽ?" ይላል። እኔ አንድ ቀን እንኳ ብያት አላውቅም። የት እንደነበረች ከሱቄ መስኮት ስለማይ መጠየቅ አያስፈልገኝም።

ነገሩ የተጀመረው ረቡዕ ነው። ሚስቴ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዛ ገባችና ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችው።

"ምንድን ነው?" አልኳት።

"አጋዘን።"

"የምን አጋዘን?"

"ሥጋ ነዋ! የጭን ሥጋ። አልሞ ነው የላከልን። አድኖ።"

አልሞ መኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠመንጃ አንግቶ ጫካ ይገባል። ሰፈሩ መጀመሪያ "አልሞ ተኳሽ" ብሎት ነበር፤ "ተኳሽ" የሚለው ውሎ ሲያድር አላስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ ቀረ። ከጫካ ይዞ ሲመለስ በዓይኔ ያየሁት ነገር ቢኖር ጉንፋን ነው። ትከሻው ግን ትከሻ ነው፤ ኮት ቢሰፋለት የትከሻ ስፖንጅ አያስፈልገውም። ይህን እንደ ባለሙያ መካድ አልችልም። ሚስቴን ከማግባቴ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምራት ነበር። እስከ ዛሬ መኪና መንዳት አትችልም።

"ደግ ሰው ነው" አልኩ።

"አንዳንድ ሰው ያስታውሳል" አለች፣ ዓይኗን ከጥቅሉ ሳትነቅል።

ያቺ "ያስታውሳል" የምትለው ቃል እንደ መርፌ ገብታ ቀረች። ሰው መርፌ ሲወጋው እጁን ይሰበስባል፤ እኔ ግን ሙያዬ ስለሆነ ለምጄዋለሁ። ፈገግ አልኩ።

"እንግዲያው እሑድ ይጠራ! የገደለውን አብሮን ይብላ። እናትሽም ይምጡ። እኔ ራሴ አበስለዋለሁ፤ ሆዱን ሞልቼ፣ ስቴክ አድርጌ።"

ሚስቴ ደነገጠች።

"ኧረ ምን አስፈለገ? እሑድ ሥራ ይኖረዋል።"

"እሑድ ማን መኪና ይማራል?"

"ሥጋውም እኮ ለሁለት ሰው ነው።"

"አራት ይወጣዋል።"

ፊቷ ተለዋወጠ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ፣ ቀለም መለየትም እንጀራዬ ነው። የተያዘ ሰው ቀለም ነበር። አንጀቴ ሲያር ተሰማኝ፤ ቀናተኛ ብሆን ኖሮ ቅናት እለው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አልሞን ከማሰልጠኛው በር ላይ አገኘሁት።

"እሑድ ምሳ እኛ ቤት ነህ" አልኩት።

"በሰላም ነው?"

"በሰላም ነው። ምክንያቱን አንተው ታውቀዋለህ።"

ከንፈሩ ደረቀ። "እ… እሺ፣ እመጣለሁ" አለ። ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት፤ ለዚህም በእግር ጣቶቼ መቆም ነበረብኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት የባንኳ ሴትዮ፣ ባንክ ቤት የምትሠራው ደንበኛዬ፣ ጥቁር ቀሚሷን ልትለካ መጣች። ለስድስተኛ ጊዜ ነው። ወገቧ ይለዋወጣል፤ ልኬት ደግሞ ልኬት ነው፣ ምን ላድርግ? ሚስቴ ሻይ ይዛ ወረደች።

"ዛሬም ጠበበ?" አለችኝ።

"ዛሬስ ሰፋ።"

"ይሄ ቀሚስ እኮ ከእኔ ትዳር በላይ ተስተካከለ" አለችና ሻዩን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ደንቅራው ወጣች። ሐሳቤ አጋዘኑ ላይ ስለነበር ልብ አላልኩትም።

ቅዳሜ ሥጋውን በወይን ጠጅ ልዘፈዝፈው ከማቀዝቀዣው አወጣሁት። የላዩን ወረቀት ፈታሁ፣ የውስጡን ላስቲክ ላጥኩ። ከሥጋውና ከላስቲኩ መሀል አንዲት ጠንካራ የፕላስቲክ ካርድ ተለጥፋ ወጣች። የቀንድ ሥዕል አለባት፤ ከገበያው ጀርባ ያለው የሥጋ ቤት ማኅተም ነው። ከሥሩ "የእርባታ አጋዘን፣ ጭን" ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእርባታ! በአጥር ውስጥ ያደገ፣ ሣር ቀርቦለት የበላ፣ ጠመንጃ በሩቁ እንኳ ሰምቶ የማያውቅ! አልሞ ሆዬ ከሥጋ ቤት ገዝቶ "አደንኩ" ብሎ ለሰው ሚስት ይልካል! የማኅበረሰብ መሪ ሆኜ የተመረጥኩ ያህል ደስ አለኝ። ካርዷን በሸሚዜ ጠርጌ ከአዝራሮቼ ጋር ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኳት። ቆርቆሮውን ሦስት ጊዜ ከፍቼ አየኋት፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀንዱን ነው ያየሁት።

እሑድ ማለዳ ሽርጥ አጠለቅሁ። አጋዘን ጮማ የለውም፤ ካልተጠነቀቁለት እንደ ጫማ ሶል ይደርቃል። ሥጋውን ሦስት ጣት በሚያህል ውፍረት አራት ቦታ ቆረጥኩት። ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚያበላሸው ነው፤ እኔ ግን ሃያ ዓመት ሠርቼዋለሁ። ኪስ ማውጣት ነው። በቀጭን ቢላዋ ከጎኑ ጠባብ አፍ ከፈትኩ፣ ከዚያ ቢላዋውን ሳላወጣ ውስጡን በቀስታ አሰፋሁት። ጥሩ ኪስ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። እንጉዳዩን ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በቅቤ አቁላልቼ፣ የዳቦ ፍርፋሪና የጥብስ ቅጠል ጨምሬ አቀዘቀዝኩት፤ ትኩስ መሙያ ጥሬ ሥጋ ውስጥ አይገባም። ሞላሁት። አጨናንቄ አይደለም፤ የታጨቀ ኪስ ይተረተራል።

ሚስቴ በሩን ተደግፋ ታየኝ ነበር።

"በመርፌ ልትሰፋው ነው?"

"በስንጥር የሚያያይዝ አለ። እኔ እሰፋለሁ።"

"በናይለን እንዳይሆን ብቻ።"

"ናይለን ይቀልጣል። የተቀቀለ ነጭ የጥጥ ክር ነው።"

ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ከዚያ ተወችው።

"ስማ፣ አንድ ነገር ልንገርህ" አለች።

"ከምሳ በኋላ።"

"አሁን ብነግርህ ይሻላል።"

"ከምሳ በኋላ አልኩሽ እኮ! መጥበሻው ግሏል።"

መስማት አልፈለግሁም። ምን እንደምትለኝ የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩትን ነው። ያ ቃል ከአፏ ሳይወጣ በፊት ሰውየው በገዛ ሳህኑ ላይ መዋረድ ነበረበት። ያን ጊዜ ምናልባት ሐሳቧን ትቀይራለች። ዕቅዴ ያው ነበር፤ ሌላ ዕቅድ አልነበረኝም።

አራቱንም በጋለ መጥበሻ በየጎናቸው አገላብጬ ቡናማ ሲሆኑ ምድጃ ውስጥ አስገባኋቸው። አውጥቼ ጥቂት አሳረፍኳቸው፣ ነጩን ክር በመቀስ እየቆረጥኩ መዘዝኩ። ከአራቱ ትልቁ የእንግዳው ነው። የዚያን ኪስ አፍ በጣቴ ከፈት አድርጌ ካርዷን ወደ ውስጥ ገፋኋት። አፉ እንዳያዛጋ በኮሌታዬ ላይ ባለችው መርፌ ሁለት ጊዜ ወግቼ ዘጋሁት። መርፌዋ ላይ የነበረው ጥቁር ሐር ነው፤ ለባንኳ ሴትዮ ቀሚስ ያስገባሁት። ቡናማ ሥጋ ላይ አይታይም።

አማቴ ቀድመው መጡ። እኔን "እንደምን ነህ" አሉኝ፤ አልሞ ሲገባ ግን "የኔ አንበሳ!" ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። በሠርጌ ቀን አማቴ አልቅሰዋል፤ እናት ስለሆኑ ነው ተባለ። ያለቀሱት እሱን አቅፈው ነው።

አልሞ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ እጅጌው ሁለት ጣት ያጥረዋል፤ ማንም ልብ አላለም፣ እኔ ግን አየሁ። ገና ከመቀመጡ አማቴ እጁን ያዙት።

"እጅህ ይባረክ! ይሄን የሚያህል አጋዘን ጥለህ ለልጄ ቤት መላክህ!"

አልሞ አማቴን አየ፣ ከዚያ ሚስቴን አየ። ሚስቴ ሰላጣው ላይ ጨው ትነሰንሳለች። ሰላጣው ጨው ነበረው።

"ኧረ… ምን አላት፣ እማማ" አለ በመጨረሻ።

የውሸታም ማመንታት ነው ብዬ ተረጎምኩት። ውስጤ እየጨፈረ፣ "እስቲ እንዴት እንደጣልከው ንገረን" አልኩት።

አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ጠፋ። ንጋት ላይ ነው አለ። ጭጋግ ነበር። ቀንዱን በእጆቹ ሲያሳየን የሚስቴን ብርጭቆ ሊደፋው ነበር፤ ሲደግመው ቀንዱ ግድግዳው ጋ ደረሰ።

"በስንት ጥይት?" አልኩ።

"በአንድ።"

"የት ላይ አገኘኸው?"

"ልቡን" አለ። ያን ጊዜ ወደ ሚስቴ ዞሮ ነበር፤ ወይ ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ።

"አዬ ወንድ!" አሉ አማቴ። ወደኔ ዞረው፣ "አንተስ ሽርጡ አምሮብሃል" አሉኝ።

ሳህኖቹን አቀረብኩ። ትልቁን ፊቱ አኖርኩት፣ አፉን ወደሱ አዙሬ። አልሞ ቢላዋውን አነሣ። ከዚያ ቢላዋውን መልሶ አስቀመጠና ሳህኑን ገፋው።

"እማማ፣ ይቺ ለስላሳ ትመስላለች። የርስዎን ለኔ ይስጡኝ።"

"አይቀየርም!" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ።

ሦስቱም አዩኝ።

"ማለቴ… እያንዳንዱ በልኩ ነው የተሠራው።"

"ምግብም ልክ አለው እንዴ?" አሉ አማቴ። "ሰጪው የኔ አንበሳ፣ ምን አገባህ?" ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

አማቴ በትልቁ የሚቆርጡ ሴት ናቸው። አንድ ጊዜ ጎረሱ፣ "አይ! ለካስ እጅ አለህ" አሉኝ፤ በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያው ምስጋና ነበር፣ ደስ ሊለኝ አልቻለም። ሁለተኛውን ጎረሱ። ማላመጡን አቆሙ። ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ካርዷን አወጡ።

"ምን ጉድ ነው! መነጽሬን አላመጣሁም፤ እስቲ አንብቡልኝ።"

ሚስቴ እጇን ሰደደች። እኔ ቀደምኳት። እንግዲህ ከሆነ ይሁን ብዬ ተነሥቼ ቆምኩ፣ ካርዷን ከፍ አድርጌ ይዤ ማኅተሙን፣ የሥጋ ቤቱን ስም፣ ከዚያም "የእርባታ አጋዘን፣ ጭን" የሚለውን ቃል በቃል፣ ችሎት ፊት እንደቆመ ሰው አነበብኩ።

አልሞ እስከ ጆሮው ቀላ።

"የእርባታ?" አሉ አማቴ። "ታዲያ አጥር ዘለህ ገብተህ ነው የተኮስከው?"

"እማማ፣ እኔ እኮ…" አለና ሚስቴን አየ። ሚስቴ ዓይኗን ሳህኑ ላይ ተክላለች።

"ጥይቷም ሥጋ ቤት ትሸጣለች መሰለኝ" አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ሆኜ አላውቅም።

አማቴ ከቅርብ አይታያቸውም እንጂ ከሩቅ ደህና አድርገው ያያሉ። ከጠረጴዛው ማዶ ሆነው ወደ ካርዷ በሹካ ጠቆሙ።

"ጀርባዋም ላይ በእጅ የተጻፈ አለ።"

ገለበጥኳት። አፌ ለማንበብ ተሟሙቆ ስለነበር ልቦናዬን አልጠበቀውም።

"ለልብስ ሰፊው ሚስት። ሒሳቡን ራሷ ከፍላለች፤ ረቡዕ መጥታ ትወስዳለች።"

አራት ነጥቡ ጋ ደርሼ ነው የሰማሁት።

አልሞ ሹካውን፣ መኪና ከግድግዳ አጠገብ እንደሚያቆም ሰው፣ ቀስ አድርጎ ሳህኑ ላይ አሳረፈ። ሚስቴ ቀና አለች። እኔን አየችኝ። አላፈረችም፤ የደከማት ትመስል ነበር። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ጠዋት ልትነግረኝ የነበረውን አሁን ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ግን አላለችም። እኔም ቁጭ ማለት እንዳለብኝ ረስቼ ካርዷን ይዤ ቆሜያለሁ።

አማቴ ብቻ ምሳቸውን ቀጠሉ። አንድ ነገር ጥርሳቸው መሀል ያዛቸው። በጣታቸው ጎተቱት፤ መጣ፣ አሁንም መጣ፣ አንድ ስንዝር የሚያህል ጥቁር የሐር ክር፣ ጫፉ ላይ ቋጠሮ ያለው።

"ይሄስ?" አሉ፣ ክሩን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው።

ሚስቴ ሐሙስ ሻይ ይዛ ስትወርድ ያን ክር የባንኳ ሴትዮ ቀሚስ ላይ አይታዋለች። ሚስቴ እጇን ዘርግታ ክሩን ተቀበለቻቸው፣ ቋጠሮውን መዳፏ ላይ አደረገችና ገልብጣ ጀርባውን አየች።