ከአዳዳ ሳቢራ ቤት ሌላ ማደሪያ

አብዱብ ለሆቴል ከኪሱ አንድ ሽልንግ አውጥቶ አያውቅም፤ እንዲያም ሆኖ የሆቴል ባለጸጋ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሾፌር ሆኖ የሚሠራበት የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞቹን ለስብሰባ ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ በላከ ቁጥር የሚያመላልሳቸው እሱ ነው፤ እነሱ ባደሩበት እሱም ያድራል። አንድ ቀን የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ፣ «ሙዜ፣ አባባ፣ አንተ ለምን አትመዘገብም?» ብላ ስልኩን ተቀበለችውና መዘገበችው። ከዚያ ወዲህ ባንኮራፋ ቁጥር ነጥብ ሲጠራቀምለት ኖረ። ነጥቡ ሲበዛ በነጻ ያሳድራል። ሚስቱ ሀቢቦ «ተኝቶ የሚያተርፍ ሰው አገባሁ» እያለች ስትስቅበት ዓመታት አለፉ።

«የታማኝ ደንበኛ ነጥብ ነው የሚባለው» ይላታል ኮራ ብሎ።

«ለእኔ ታማኝ የሆንክበትስ ስንት ነጥብ አለው?»

«ያንቺ ጊዜው አያልፍበትም።»

የሆቴሉ ግን ያልፍበታል። አንድ ጠዋት ስልኩ ላይ መልእክት ገባ፦ ነጥቡ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሠራበት ይቃጠላል። ያለው ለሁለት ሌሊት ይበቃል። አብዱብ ደግሞ በዚያው ወር መጨረሻ ናይሮቢ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለው፤ ጠጠር የሞላውን የሐሞት ከረጢቱን በቀዶ ሕክምና ሊያወጡለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን፣ ፈጣሪ ሳይደግስ አይጣላም ብሎ እዚያው ክፍሉን ይይዝ ነበር። እነሱ ግን ስልኩን መሃላቸው አስቀምጠው ቤት ውስጥ እንደገባ እባብ ሲያዩት አረፈዱ። ናይሮቢ ውስጥ አዳዳ ሳቢራ አሉና።

አዳዳ በሰፈሩ አፍ የአባት እህት ማለት ነው። አዳዳ ሳቢራ ለአብዱብ የአባቱ እህት ናቸው፤ ለቀረው የሞያሌ ሰው ደግሞ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ የማይዘጋ በር። ለትምህርት የሄደ፣ ልብስ ሊጭን የወረደ፣ የታመመ፣ ያስታመመ፣ ከኦቦ መንደር ከብት ሊሸጥ የመጣ፣ ሁሉም ፍራሹ የሚነጠፍለት እሳቸው ሳሎን ነው። እሳቸው እያሉ ሆቴል ማደር ደጃቸው ላይ ቆሞ «ቤትሽ አይመጥነኝም» ብሎ እንደ መጮህ ይቆጠራል። ለስብሰባ ሲሆን «ሥራ ነው» ይባልና ያልፋል። ለሕክምና ሄዶ ሆቴል? ጉድ ይፈላል።

ታዲያ እሳቸው ጋ አያድሩም ወይ? ባለፈው አድረው ነበር፤ ጣጣው የመጣውም ከዚያው ነው።

ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ፣ ከእኩለ ሌሊት ወዲያ እህልም ውሃም በአፍህ እንዳይዞር ብሎት ነበር። አብዱብ ለአዳዳ ነገራቸው፤ እሳቸውም እሺ አሉ። ንጋት ላይ ግን ፈጅር ሰግደው፣ ጉበት ጠብሰው፣ የቻፓቲውን ቂጣ ደራርበው፣ ሻዩን በግመል ወተት አፍልተው ራስጌው ቆሙ። «ጦር ሜዳ የሚሄድ እንኳ በልቶ ነው። አንተ ባዶ ሆድህን ለቢላ ትሰጣለህ?» አሉት። አብዱብ ለአለቃውም ለፖሊሱም እንቢ ማለት የሚያውቅ ሰው ነው፤ አዝለው ያሳደጉት እጆች ሳህን ሲዘረጉለት ግን እንቢ የሚልበት ምላስ አልተፈጠረለትም። ሀቢቦ ታጥባ ስትወጣ ሳህኑ ተጠርጎ ነበር። ሐኪም ቤት ነርሷ «ዛሬ የበላኸው ነገር አለ?» ብላ ብትጠይቀው፣ የዋሁ ሰው ከጉበቱ እስከ ሁለተኛው ብርጭቆ ሻይ አንድ ሳያስቀር ዘረዘረላት። እነሱም መልሰው ሰደዱት።

ለአዳዳ ይህን ማን ይንገራቸው? «የሐኪሙ ማሽን ተበላሸ» ብለዋቸው ሞያሌ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ደጋግሞ ጣለው። ባለፈው ሳምንት ወደ ዳበል መንደር በሚወስደው መንገድ ላይ መኪናውን ዳር አቁሞ፣ መሪው ላይ ተደፍቶ ነው ሰዎች ያገኙት። ሀቢቦ ለሐኪሙ ስትደውል፣ ከረጢቱ አሁን ካልወጣ ሊፈነዳ እንደሚችል፣ ይህ ቀጠሮ ካመለጠም ሌላ ወረፋ መቼ እንደሚገኝ እንደማያውቅ ነገራት። ለባሏ የነገረችው ስለ ወረፋው ብቻ ነው። የቀረውን ሆዷ ውስጥ ይዛ፣ እሱ ሲተኛ ትንፋሹን ስታዳምጥ ታድራለች። ፈርታ ነበር። በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

«ሆቴል ነው» አለች በመጨረሻ። «የመጣው ይምጣ። ና እንምረጥ።»

መምረጡም ቢሆን እንደ አፍ ቀላል አልነበረም። ቤታቸው ድንበሩ ጥግ ስለሆነ ሳሎን ሲቀመጡ ስልኩ የኢትዮጵያን ኔትወርክ ይይዛል፤ ኢትዮጵያ የገቡ ይመስለውና የአዲስ አበባን ሆቴሎች ይደረድርላቸዋል። ሀቢቦ ስልኩን ይዛ ወጥታ ከውሃው ታንከር ጀርባ ቆመች። እዚያ ጋ ኬንያ ይሆናል። አብዱብም የቀኝ ጎኑን ደግፎ ተከተላት።

በነጥቡ የሚያሳድሩ ሁለት ሆቴሎች ወጡ። አንዱ ረጅም፣ መስታወት በመስታወት፣ ጣሪያው ላይ መዋኛ ያለው ነው። ሌላው ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ያለ፣ ፎቶው ላይ እንኳ የደከመው፣ ሁለት አልጋና አንድ መጋረጃ ብቻ የሚያሳይ።

«ረጅሙ» አለ አብዱብ ሳያስብ።

«መዋኘት ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ጎንህን ተሰፍተህ ልትማር ነው?»

«ማየት እችላለሁ» አለ ቅር ብሎት። «ከውጭ የሚመጡት ትልልቆቹ አለቆች እዚያ ነው የሚያርፉት። አድርሻቸው ስመለስ ሁልጊዜ ከታች ሆኜ አንጋጥጬ ነው የማየው። አንዴ እንኳ ከላይ ወደታች ባየው ብዬ ነው።»

ሀቢቦ ልታሾፍበት ያሰበችውን ተወችው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው በር ላይ አውርዶ የሚመለስ ሰው አንድ ቀን ቢያምረው ምን ይፈረድበታል? ግን ረጅሙ ሆቴል ከሐኪም ቤቱ ከተማውን አቋርጦ ነው፤ የናይሮቢ የጠዋት መንገድ ደግሞ ለታማሚ አያዝንም።

«ለማንኛውም ለአዳዳ አንነግራቸውም» አለ አብዱብ። «ሳይሰሙ ሄደን እንመለሳለን።»

«በምን ልትሄድ ነው?»

«በአውቶቡስ ነዋ።»

ይህን ብሎ ራሱ አፈረ። ከሞያሌ በሚነሳ አውቶቡስ ላይ ምስጢር ወንበር አያገኝም። ከተሳፋሪው ግማሹ የሚያድረው አዳዳ ሳቢራ ጋ ነው፤ የቀረውም ቢሆን ሰላም ሳይላቸው አያልፍም።

«እንግዲያው ቢሮው ነው ያስገደደኝ እንበላቸዋ!»

«አብዱብ፣ በማሽኑ የዋሸነው ራሱ ገና አልበረደም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሁለት ውሸት ደርበን ፊታቸውን በምን ዓይናችን እናያለን?» አለችና ሐሳቧን ሳትቀይር ደወለች። ባሏን ከምትቀብር አክስቱ ቢቀየሟት ይሻላታል፤ ይህንንም ታውቃለች፤ ሆኖም መቀየማቸውም አይቀልላትም። ሙሽራ ሆና ስትመጣ እንደ ልጃቸው የተቀበሏት እሳቸው ናቸው።

ስልኩ ተነሳ። ከወዲያ በኩል የሰው ጫጫታ፣ የሳህን ድምፅ፣ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ።

«አዳዳ፣ እንደምን አደሩ? እኔ ነኝ፣ ሀቢቦ። አንድ የምነግርዎት—»

«ቆይ፣ ቆይ። ወላሂ እኔም ልደውልልሽ ነበር። በሩን ልዝጋ።» ጫጫታው ራቀ። «ሀቢቦ፣ አንድ ነገር ልላችሁ ነው፤ እንዳትቀየሙኝ። በዚህ ቀጠሮ እኔ ቤት አትምጡ።»

ሀቢቦ የሰማችውን ማመን አቃታት። አብዱብም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፈተችው። ከሞያሌ ሰው ሁሉ አዳዳ ሳቢራ «አትምጡ» ያሉት ሰው መኖሩን ሰምታ አታውቅም። ተቆጥተው ነው፣ ውሸቱን ደርሰውበታል ብላ አንገቷን ደፋች።

«ቃሊቻ ነገረኝ» አሉ አዳዳ። ቃሊቻ የቦሪ መንደር ከብት ነጋዴ ነው፤ ምላሱ ከእግሩ ይፈጥናል። «የማውቅ መስሎት ነው ያወራልኝ። ማሽን አልተበላሸም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የወንድሜን ልጅ በገዛ ሳህኔ ለሕመም መልሼ ሰጠሁት።»

«አዳዳ፣ እኛ እኮ—»

«ስሚኝ። መንገድ ላይ መውደቁንም ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። አሁንም ቢመጣ ራሴን አውቀዋለሁ፤ ልጁ ተርቦ ጠዋት ቁጭ ብሎ እያየሁ እጄ አርፎ አይቀመጥም። እኔ ባርፍ ይሄ ሳሎን ሙሉ እንግዳ አለ፤ አንዱ ሻይ፣ አንዱ ቴምር ያጎርሰዋል። እዚህ ቤት ሳይበላ የወጣ ሰው የለም። ሌላ ማደሪያ ፈልጉለት ልላችሁ ስልኩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። በወንድሜ ልጅ ላይ በር ልዝጋ? ብዬ ብዬ ሰነበትኩ። ፖሌ፣ ይቅርታ ልጄ። ፖሌ።»

ሀቢቦ ታንከሩን ተደግፋ ቁጭ አለች። ደረቷ ላይ ተቀምጦ የሰነበተው ነገር ሲነሳ ተሰማት፤ አየሩ እስከ ሆዷ ገባ። ለካ ሁለቱም ቤት አንዱ ሌላውን እንዳያስከፋ ሲጨነቅ ነው የከረመው። ሳቀች፤ እንባዋም መጣ። አብዱብ ደግሞ ፈገግ ብሎ ወደ ሰማይ አየና «አልሐምዱሊላህ» አለ።

«እኔም እሱን ልነግርዎት ነበር» አለች ሀቢቦ። የነጥቡን ነገር፣ የሁለቱንም ሆቴሎች ነገር አጫወተቻቸው።

«በመተኛት ነው ያገኘው?» አሉ አዳዳ።

«በመተኛት።»

«ይሄ ልጅ ከትንሽነቱ ሀብታም እንደሚሆን አውቅ ነበር። በሉ ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ያለውን ያዙ። በእግር ትደርሳላችሁ፤ ከመንገድ ጋር አትታገሉም። ለመዋኛው ሲድን ሌላ ጊዜ ይተኛ።»

አዳዳ የፈረዱት ይግባኝ የለውም። አብዱብ ረጅሙን ሆቴል አንዴ አየውና ጣቱን ወደ ሌላው አሳለፈ፤ ክፍሉ ተያዘ። ስልኩ ላይ የማረጋገጫው መልእክት ሲመጣ ሀቢቦ ደግማ ደጋግማ አነበበችው። ባሏ ባዶ ሆዱን፣ በሰዓቱ፣ ሐኪሙ ፊት ሊቀርብ ነው። ሌላ ምንም አትፈልግም።

ስልኩን ልትዘጋ ስትል ግን አንድ ነገር መጣባት። የመጀመሪያውን ሌሊት ከአብዱብ ጋር ታድራለች፤ በሁለተኛው እሱ ሐኪም ቤት ነው። እሷ ብቻዋን ክፍል ውስጥ አድራ አታውቅም፤ በዚያ ላይ የባሰውን ሳታስብ አይነጋላትም።

«አዳዳ፣ በሁለተኛው ሌሊት አንዱ አልጋ ባዶ ነው። ይምጡና ከእኔ ጋር ይደሩ።»

«የት?»

«ሆቴሉ።»

«ምን ልሠራ?»

«ምንም አይሠሩም። እንግዳዬ ይሆናሉ።»

ከወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ። ሀቢቦ መስመሩ ወደ ኢትዮጵያ የተሻገረ መስሏት ስልኩን ብታይ አልተቋረጠም። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ነገር ገባት፤ ሲገባትም አፈረች። እኚህ ሴት የሞያሌን ሰው ሁሉ አስተኝተው አንድ ሰው እንኳ «ይምጡ» ብሏቸው አያውቅም። እሷ ራሷ ስንት ጊዜ እዚያ ፍራሽ ላይ ተኝታ፣ ስንቴ መርቀው ሸኝተዋት፣ አንድም ቀን አላለቻቸውም።

«እንግዶቹስ?» አሉ አዳዳ በመጨረሻ።

«እጅ አላቸው። ያብስሉ።»

አዳዳ ሲናገሩ ድምፃቸው ተለውጦ፣ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

«ሀቢቦ፣ በእንግድነት ሲኬድ ምን ይለበሳል?»