የድንጋዩ ባቡር

የሰኔ ዝናብ የጀመረ ሰሞን ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ ቡታጅራ ከሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ደርሶ ቆመ። ሹፌሩ ወርዶ ግቢውን አየ፤ ጭቃውን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና «እዚህ ውስጥ ከገባሁ የምወጣው ለመስከረም ነው» ብሎ ጭነቱን በሩ ላይ ገልብጦ ሄደ።

ድንጋዩ የመጣው ለአዲሱ ቤተ ሙከራ መሠረት ነው። ግንባታው ያለው ደግሞ ከቁልቁለቱ በታች፣ ግቢው መጨረሻ ላይ ነበር። ዳይሬክተሩ አቶ ባልቻ በየክፍሉ ዞረው «ከትምህርት በኋላ ሁለት ሁለት ድንጋይ» ብለው አዘዙ። ተማሪው ተሸከመ። ጭቃው ጫማ ይዞ እያስቀረ አንዱ በባዶ እግሩ፣ ሌላው በአንድ ጫማ ግንባታው ዘንድ ይደርስ ነበር። የድንጋዩ ክምር ግን የተነካ አይመስልም።

ናጃህ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አባቷ እንሴኖ ገበያ በርበሬ ይነግዳሉ። አንድ ቀን ድንጋይዋን አስቀምጣ ወገቧን ይዛ ቆመችና ለክፍል ጓደኛዋ ለራምዚ እንዲህ አለችው።

«አክስቴ ዘንድ አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ በከተማው ባቡር ተሳፍሬ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ጭኖ ሁለት ብረት ላይ ሽው ይላል። ይህን ድንጋይ ጭቃው ላይ ሳይሆን ብረት ላይ ብናስኬደውስ?»

ራምዚ አባቱ ብየዳ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። መጀመሪያ ሳቀባት። ከዚያ መሳቁን ተወና «ብረቱን ካገኘሽ እኔ እበይደዋለሁ» አላት።

አቶ ባልቻ ሲነገራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ባቡር? ቡታጅራ ላይ?» ትንሽ አሰቡና «የድሮው አጥር ቱቦ መጋዘን ውስጥ ዝጎ ተቀምጧል፤ ውሰዱት። ክፍል የቀረ ግን ወዮለት!» አሉ።

ሥራው በዚያው ቀን ተጀመረ። ራምዚ ቱቦዎቹን እየበየደ አስረዘመ። ናጃህ የባሕር ዛፍ ግንዶችን አጋድማ ቱቦዎቹን ከላያቸው አስቀመጠች። በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ያለው ስፋት የትም ቦታ እንዳይለያይ በልኩ በቆረጠችው አንድ ዱላ እየለካች ወረደች። ጓደኛቸው ሲና ደግሞ ድምፅዋ ከትምህርት ቤቱ ደወል የማያንስ ስለሆነ ፊሽካ ተሰጣትና መንገድ ጠባቂ ሆነች። ለጋሪው ጎማ ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለቅመው ከቱቦው እንዳይወጣ ዙሪያውን ጠርዝ የሚሆን ክብ ብረት በየዱበት።

የመጀመሪያው ጉዞ ቀን ግማሹ ትምህርት ቤት ወጥቶ ቆመ። ጋሪው ድንጋይ ሞልቶ ቁልቁለቱን ሲንደረደር ጭብጨባው ቀለጠ። ሀዲዱ ሰንደቅ ዓላማው ዘንድ ሲደርስ ግን ወደ ግራ ይታጠፋል። እዚያች መታጠፊያ ላይ ጋሪው ሲጢጥ አለ፣ ዘለለ፣ ተገለበጠ። ድንጋዩም ጭቃውም አቶ ባልቻ ፊት አረፈ።

አቶ ባልቻ ጎንበስ ብለው ሸሚዛቸውን፣ ከዚያ ክራቫታቸውን አዩ።

«እስከ ሰንደቁ ድረስ ግን ግሩም ነበር» አሉ።

ሳቁ እስከ መንገድ ተሰማ።

ደጋግመው ሞከሩ። ራምዚ የጎማውን ጠርዝ ከፍ አደረገው፤ ጋሪው ከሀዲዱ አልወጣም፤ ግን መታጠፊያው ላይ እየጮኸ ተቸንክሮ ይቀራል። አረፋ እንዲህ እያሉ ደረሰ።

ለአረፋ ከአገር የወጣ ሁሉ ይመለሳል። የናጃህ የአጎቷ ልጅ ሙዝደሊፋም ከአዲስ አበባ መጣ። ናጃህ ባቡር ላይ እንደሚሠራ ታውቃለች፤ ግን ሁልጊዜ ትኬት የሚቆርጥ ነበር የሚመስላት። ቤተሰቡ ክትፎው ዙሪያ ተሰብስቦ ሲጫወት ስለ ጋሪው ስታወራ ሙዝደሊፋ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«ሀዲድ ዘርግታችኋል? እናንተ?»

«አንተ ምን አገባህ? ትኬት ነው የምትቆርጠው።»

«ማን ነው ያለሽ? ሀዲድ ጠጋኝ ነኝ እኮ!»

በማግሥቱ የበዓል ልብሱን እንደለበሰ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ጭቃ ላይ ተንበረከከ። ራምዚና ሲናም ነበሩ። ሙዝደሊፋ ጎማውን አገላብጦ አየና ሁለት የፕላስቲክ ኩባያና ፕላስተር አስመጣ። ኩባያዎቹን አፍ ለአፍ ገጥሞ አጣበቀ። ከዚያ ሁለት የታጠፈ ቀጭን ሽቦ እንደ ሀዲድ አስቀምጦ መጀመሪያ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል የሆነ ጣሳ አንከባለለ። ጣሳው መታጠፊያው ላይ ወደቀ። የተጣበቁትን ኩባያዎች ሲያንከባልል ግን ራሳቸው ታጥፈው እስከ መጨረሻው ሄዱ።

«ለምን?» አላቸው።

ናጃህ ኩባያዎቹን ወስዳ ደጋግማ አንከባለለች። ድንገት ጮኸች። «የውጭው መንገድ ይረዝማል! ስለዚህ የውጭው ጎማ ሰፋ ያለ መሆን አለበት! ኩባያው ወደ ውጭ ሲንሸራተት በዚያ በኩል የሚረግጠው በሰፊው ነው፣ በዚህ በኩል በጠባቡ!»

«ታዲያ ሁለቱ ጎማዎች ለየብቻ መዞር የለባቸውም» አለ ራምዚ፤ «አንድ ዘንግ ላይ መበየድ አለባቸው። ኩሽኔታውን ዘንጉ ላይ አደርገዋለሁ።»

ሙዝደሊፋ አጨበጨበ። «የእኛም ባቡር የሚታጠፈው እንደዚሁ ነው።»

ከዚያ ከድንጋዩ ክምር ላይ ተቀመጡና ጥያቄው ዘነበበት። ራምዚ ቀደመ። «እዚያ ለመግባት ዲግሪ ያስፈልጋል?»

«እኔ ወልቂጤ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው ብረታ ብረት የተማርኩት። የብቃት ምዘናውን አልፌ ተወዳደርኩ። የባቡሩን ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ራሱ አሠለጠነኝ። ሀዲድ መበየድ እንደ በር መበየድ እንዳይመስልህ፤ ከበየድክ በኋላ በመሣሪያ ይመረመራል፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ከተገኘ እንደገና ነው።»

«መንገዱ የት ጋ እንደሚታጠፍ፣ ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚያሰላውስ?» አለች ናጃህ።

«አለቃዬ ናታ! ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተምራ፣ ከዚያ በባቡር ምህንድስና ማስተርሷን ሠራች። ባቡሩን ራሱን ለመሥራት የፈለገ ደግሞ ሜካኒካል ይማራል።»

ሲና ፊሽካዋን እያዞረች «እኔ የምወደው ማስቆምና ማስነሳት ነው። እሱ ሥራ አይሆንም አይደል?» አለች።

«እንዴት አይሆንም? ሲግናል ይባላል። ኤሌክትሪካል ወይም ኤሌክትሮኒክስ ተማሪ። መቆጣጠሪያ ክፍል ቁጭ ብለሽ ባቡሩን ሁሉ ታስቆሚያለሽ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ሲና ፊሽካዋን እስከ ጥግ ነፋች።

አዲሶቹ ጎማዎች ብረት በሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ተቆረጡ፤ ወደ ውስጥ ሰፋ፣ ወደ ውጭ ጠበብ ብለው። ሙዝደሊፋ ሥራው ጠርቶት ስለተመለሰ የሁለተኛውን ጉዞ አላየም። ጋሪው ሰንደቁ ዘንድ ሲደርስ አቶ ባልቻ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። ጋሪው ትንሽ ወደ ውጭ አለና ልክ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ታጥፎ ወረደ። ናጃህ ራምዚን በጡጫ መታችው፤ ራምዚ ደግሞ ማንን እንደሚያቅፍ ጠፍቶት ሰንደቅ ዓላማ መስቀያውን አቀፈ።

ድንጋዩ ሳምንቱ ሳያልቅ ግንባታው ዘንድ ደረሰ። የመጨረሻው ቀን ተማሪው አቶ ባልቻ ካልተሳፈሩ አንለቅም አለ። እሳቸው እምቢ ሲሉ ቆዩ፤ በመጨረሻ ጃንጥላ ዘርግተው ባዶው ጋሪ ላይ ተቀመጡ። ራምዚ ከኋላ ገመድ ይዞ ቀስ እያለ ለቀቃቸው። መሀል መንገድ ላይ ሲደርሱ የሲና ፊሽካ ጮኸ፤ ቀይ ሻርፕ ከፍ አድርጋ ይዛለች።

«ምን ሆነ?» አሉ አቶ ባልቻ።

«የዘጠነኛ ክፍል ልጆች እያቋረጡ ነው ጋሼ! ቀይ ነው!»

ዳይሬክተሩ በጃንጥላቸው ሥር ሆነው ልጆቹ እስኪያልፉ ጠበቁ። ናጃህ ይህን ሁሉ በስልክ ቀርጻ ነበርና ቪዲዮው በቴሌግራም ለሙዝደሊፋ ተላከለት። ማታ መልስ መጣ፤ የማያውቋት ሴት የድምፅ መልእክት ነበር። የሙዝደሊፋ አለቃ ናት። ከጀርባዋ የሠራተኞች ሳቅ ይሰማል፤ እሷ ግን ኮስተር ብላ «ሥራችሁ ጥሩ ነው። መታጠፊያው ላይ ግን ፍጥነት ቀንሱ» አለች። ናጃህ እየደጋገመች ሰማችው።

በቀጣዩ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወሰዱ። ሲና ሀዋሳ ደረሳት፤ ናጃህ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ። የራምዚ ውጤት ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። አንድ ቀን ሙሉ ከቤት አልወጣም። በሁለተኛው ቀን ሙዝደሊፋ ደውሎ «የእኔም አልበቃም ነበር» ብሎ እሱ የተማረበትን የወልቂጤውን ቴክኒክ ኮሌጅ አስታወሰው። አባቱ ሻንጣውን ራሳቸው አዘጋጁለት።

ወልቂጤ በገቡ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ናጃህ ኮሌጁ በር ላይ ጠበቀችው። ራምዚ ሰማያዊ ቱታውን ሳያወልቅ እየሮጠ ወጣ። እጁ ላይ አንድ ላይ የተበየዱ ሁለት ቁራጭ ብረቶች አሉ።

«ተመርምሮ ያለፈ የመጀመሪያዬ ነው። ስንጥቅ ፈልጊበት እስቲ!»

ናጃህ ብረቱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ ከዚህም ከዚያም አየችው። አላገኘችም።

«አሁን ምሳ ጋብዘኝ» አለችው። «ከዚያ የዩኒቨርሲቲውን ካልኩለስ አብረን እንየው፤ እዚያ ላይ እኔ ስንጥቅ በስንጥቅ ሆኛለሁ።»

እየተሳሳቁ ወደ መናኸሪያው በኩል ወረዱ፤ ራምዚ ብረቱን ለሚያገኘው ሰው ሁሉ እያሳየ።