ሰፊና ጸጥ ያለ ሐይቅ

ብርቄ ግራ እግሯን ከጭቃው ስትመዝ ጫማዋ እዚያው ቀረ። ጎንበስ ብላ ልትይዘው ስትል አንዲት ቀይ ላም ከኋላዋ መጥታ በጎኗ ገፋ አደረገቻትና አልፋ ሄደች። ላሚቱን ተከትለው ሌሎች መጡ፤ አሥር፣ ሃያ፣ ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተወችው። ሁሉም አፍንጫቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ የሰርግ ወጥ የሸተተው ሰው ይመስል ይጣደፋሉ።

"አዴ፣ እናቴ! ከመንገዱ ውጪ!" አሉ አንድ ሽማግሌ ከፊት ለፊት። "ሆራ የሸተተው ከብት እናቱንም አያውቅ!"

ብርቄ አንድ እግሯ ባዶውን፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ወደ ሽማግሌው ተጠጋች። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ አዳራቸውን፣ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ተጠያየቁ። በዚያ አገር ይህ ሳያልቅ ወደ ጉዳይ አይገባም። ሲያልቅ ጠየቀቻቸው።

"ሐይቁ የት ነው?"

"የቱ ሐይቅ?"

"ሆራ ገቢሳ።"

ሽማግሌው በዱላቸው ከእግሯ ሥር ጠቆሙ።

"የቆምሽበት።"

ብርቄ ዝቅ ብላ አየች። ከኮረብታው ግርጌ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከድንጋዩ ሥር የአውራ ጣት ያህል ውሃ ፍልቅ ፍልቅ ይላል። ውሃው የሚያልፍበት ሁሉ እንደ ዝገት ቀልቷል። ከዚያ ከግንድ ተፈልፍለው ወደተሠሩ ሦስት ገንዳዎች ይወርዳል። ይኸው ነው። ሁሉም ተሰብስቦ የእሷን ሱቅ ወለል አይሸፍንም።

አያችሁ፣ ብርቄ ነቀምቴ ውስጥ ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር የኮምፒውተር ጽሕፈትና የትርጉም ሥራ የምትሠራ የአምሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት። ሥራው ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ ዛሬ ሰው ማመልከቻውን በስልኩ ይጽፋል። ባለፈው የካቲት ግን አንድ መሥሪያ ቤት ጥሩ ሥራ ሰጣት። በአቅራቢያው ባለው ብሔራዊ ፓርክና በአካባቢው የሚጎበኙ ሐይቆች፣ ፏፏቴዎችና ምንጮች በኦሮምኛ ተዘርዝረው መጡና ለቱሪስት ወረቀት ወደ አማርኛ መለሰቻቸው። ከወደዱላት በየቦታው የሚተከሉትን ትልልቅ ሰሌዳዎችም ሊሰጧት ቃል ገቡላት።

ፏፏቴውን ፏፏቴ አለች፤ ምንጩን ምንጭ። ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ "ሆራ ገቢሳ፣ ከአራት መቶ በላይ ከብት የሚጠጣበት" የሚል ደረሰ። እናቷ የቢሾፍቱ ሰው ነበሩ። በእናቷ አፍ ሆራ ማለት ሐይቅ ነው፤ ልጅ ሳለች "የሆራ ዳር" እያሉ ያወሩላት ነበር። ደግሞስ አራት መቶ ከብት የሚያጠጣ ከሐይቅ ሌላ ምን አለ? "የገቢሳ ሐይቅ" ብላ ጻፈች። አንድ መስመር ብቻውን ራቁቱን ቢሆንባት ጊዜ "ሰፊና ጸጥ ያለ" የሚል ከራሷ ጨመረችለት።

ማንም አላረመው። በመሥሪያ ቤቱ ኦሮምኛ የሚያነበው ኦሮምኛውን አነበበ፣ አማርኛ የሚያነበው አማርኛውን። አንድ ሺህ ወረቀት ታትሞ በየሆቴሉ ተቀመጠ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ልጅ ሮብሳን በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ መጣ፣ እንድትተይበው። እንግዶች "ሐይቁን አጣነው" እያሉ አስቸግረዋል፤ ስለዚህ ቦታው በቁፋሮ ማሽን ሰፍቶ፣ ውሃው ተገድቦ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሐይቅ እንዲሆን ይላል።

"ኃላፊያችን ወረቀቱን እንደገና ከማሳተም መቆፈሩ ይቀላል አሉ" ብሎ ሮብሳን ሳቀ።

ብርቄ አልሳቀችም። "ነገ ከምሳ በፊት አደርሰዋለሁ" አለችው። ጠዋት ግን ሱቋን ሳትከፍት ሌንጮ የሚባለውን ባለባጃጅ ይዛ ወጣች። ያ ሐይቅ ሳይሆን የቀረው ነገር ምን እንደሆነ በዓይኗ ማየት ፈለገች። ሌንጮ ባጃጁ እስከሚሄድበት አደረሳትና ዛፍ ሥር ተጋደመ፤ የቀረውን በእግሯ መጣች።

ሽማግሌው ዋጋሪ ይባላሉ። የሆራው ጠባቂ ናቸው፤ በአገሩ አጠራር አባ ሆራ። ተራ የሚያስይዙ እሳቸው ናቸው። ያረገዘች ላም ትቀድማለች፣ የምታጠባ ትከተላለች፣ በሬ ይታገሣል። አንዱ ወይፈን ተራ ሰብሮ ሊገባ ሲል ዱላቸውን ሳያነሱ "አንተ!" አሉት፤ ቆመ።

"እንዲህ የሚያደርጋቸው ምን ቢኖረው ነው?" አለች ብርቄ።

"ቅመሺው።"

በእጇ ዘግና ቀመሰች። ምላሷን ቆንጠጥ አደረጋት። ጨው ጨው ይላል፣ ብረት ብረት ይላል። አምቦ ውሃ ነው፣ ጠርሙስ የሌለው። ደግማ ቀመሰች። ሦስተኛ ልትዘግን ስትል ከጎኗ ጀሪካን የምትሞላ ሴትዮ ሳቀች።

"ቀስ በይ እቴ፣ ለላሜም አስተርፊላት! ትናንት ነው የወለደችው።"

ሴትዮዋ ድርቤ ትባላለች፣ የሆራው ጎረቤት ናት።

"እኔ ሐይቅ መስሎኝ ነበር" አለች ብርቄ።

"ሐይቅማ ሐሮ ነው! ይህ ሆራ ነው። ሐሮ ይዋኙበታል፣ ሆራ ከብት ይታከምበታል። አንቺ የት አገር ሰው ነሽ?"

"ነቀምቴ ተወልጄ ነው ያደግሁት።"

"ነቀምቴ!" ድርቤ ጀሪካኗን አስቀመጠች። "አባ ሆራ፣ ሰሙ? አምሳ ዓመት ነቀምቴ ኖራ ሆራ አታውቅም! ወተቱን ከየት የሚያመጡት ይመስልሻል? ከፌስታል?"

"ተያት" አሉ ዋጋሪ። "ጠይቃለች እኮ። የሚጠይቅ ሰው አይሰደብም።"

ብርቄም ጠየቀች። በጋ ይነጥፋል ወይ? አይነጥፍም። ገንዳው ለምን የእንጨት ሆነ? ሆራ ብረት አይወድም። ጭቃውንስ በምን ያወጡታል? በእንጨት ማንኪያ፤ አካፋ እዚህ አይደርስም። እየጠየቀች የመጣችበትን ረስታ ነበር፣ ከወደ መንገዱ ሁለት ወጣቶች ብቅ እስኪሉ ድረስ። ወንዱ በአየር የተነፋ የመኪና ጎማ ላስቲክ በአንገቱ አጥልቋል። ሴቷ ፎጣ ይዛለች።

"እትዬ፣ እባክዎ ሐይቁን ያሳዩን" አለች ልጅቷ ለብርቄ በአማርኛ። "ከአዲስ አበባ ነው የመጣነው። ወደ ፓርኩ እያለፍን ነበር።"

ድርቤ ጎማውን አይታ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"ሆሳዕና፣ እኔ እኮ ነግሬሻለሁ" አለ ልጁ። ከኪሱ ወረቀቱን አወጣና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። "'የገቢሳ ሐይቅ። ሰፊና ጸጥ ያለ።' ይኸው!" በዚያው ቅጽበት አንዱ በሬ አጓራ።

"ጸጥታውስ ይሁን አሻግሬ" አለች ሆሳዕና፣ "ስፋቱን ፈልግልኝ።"

ብርቄ ጆሮዋ ጋለ። ዋጋሪ አማርኛው ብዙም አይገባቸውም። "ወረቀቱ ምን ይላል?" ብለው ጠየቁ፤ ድርቤ በኦሮምኛ ነገረቻቸው።

"የጻፈው ሰው እዚህ መጥቶ ያውቃል?"

"መጥቶማ ቢሆን!"

"እንግዲያ ዕውር ነው" አሉ ዋጋሪ፣ ያለ ቁጣ። "ይኸውላችሁ፣ ሰሞኑን ደግሞ ሰዎች መጥተው በሜትር ለክተው ሄዱ። ሊቆፍሩ ነው አሉ። ከታች፣ ከዋርካው ጋ፣ ሌላ ሆራ ነበረን። መንገድ ሲሠራ ማሽን ገባበት። ያስፉልናል ብለን እኛም አጨበጨብን። ውሃውስ በዛ፤ ከጎኑ ያለው የወንዝ ውሃ ገባበትና በዛ። ጨውነቱ ለቀቀና ጣፈጠ።" ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ጣፈጠና ሞተ። በማግስቱ ከብቱ መጣ፣ አሸተተ፣ ዞሮ ሄደ። አሁን ልብስ ያጥቡበታል። ያለን ይህ ብቻ ነው።"

ድርቤ ለሆሳዕና በተሰባበረ አማርኛ ስታስረዳት፣ ልጅቷ ፎጣዋን ለአሻግሬ ሰጥታ ድንጋዩ ጋ ቁጢጥ አለች። ቀመሰች። "ውይ! አሻግሬ፣ ና ቅመስ፣ ይቆነጥጣል!" አለች። አሻግሬ ጎማውን እንዳጠለቀ ሲያጎነብስ አንዲት ጥጃ ላስቲኩን መላስ ጀመረች።

የብርቄ ስልክ ጠራ። ሮብሳን ነው።

"አዴ ብርቄ፣ ደብዳቤው አለቀ? ኃላፊው ስብሰባ ሊገቡ ነው። ማሽኑ ለነገ ተይዟል፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።"

ብርቄ ከሰዎቹ ትንሽ ራቅ አለች። "ሮብሳንዬ፣ ሐይቅ የለም።"

"እናውቃለን፣ ለዚያ እኮ ነው የሚቆፈረው።"

"ኖሮም አያውቅም ነው የምልህ። ከብት የሚጠጣው ሆራ ነው፣ የጣት ያህል። ሐይቁን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ። ከቆፈራችሁት ጣፋጭ ውሃ ይገባበትና ያልቅለታል፤ ሽማግሌው እዚህ አሉ፣ ልስጥህ?"

በር ሲዘጋ ተሰማት፤ ወደ ኮሪደር መውጣቱ ነው። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አዴ ብርቄ፣ እኔም የገጠር ልጅ ነኝ፣ ገብቶኛል። ግን ኃላፊው ዝም ብለው አያስቆሙትም። የትርጉም ስህተት ነበር የሚል ማስታወሻ መግባት አለበት፣ ከነባለቤቱ ስም። የእርስዎ ስም ከገባ ደግሞ ሰሌዳዎቹን ይርሷቸው። የፏፏቴው፣ የምንጮቹ፣ ሁሉም ለሌላ ሰው ነው የሚሄደው። ማተሚያ ቤቱ ነው የተሳሳተው ልበል? ማን ያጣራል?"

ብርቄ ዞር አለች። ዋጋሪ በእንጨት ማንኪያቸው ከገንዳው ጭቃ እያወጡ ነው። ሆዷ የገፋ አንዲት ጥቁር ላም ከኋላ መጥታ ቆማለች፤ ሽማግሌው አዩዋትና ሌሎቹን በእጃቸው ገለል አድርገው አሳለፏት። ላሚቱ አፏን ከውሃው ጨምራ ዓይኗን ጨፈነች።

"ማተሚያ ቤቱ ምን አደረገ?" አለች ብርቄ። "የሰጠሁትን ነው ያተመው።"

"አዴ ብርቄ፣ ያስቡበት እንጂ።"

"እስክሪብቶ ይዘሃል?"

"ይዣለሁ።"

"ጻፍ። ብርቄ ሠርፀ። 'ሠ' ንጉሡ ሠ ነው፣ 'ፀ' ደግሞ ፀሐዩ ፀ። እንዳትሳሳት።"