የአቶ ኦሪን ብየዳ

አቶ ኦሪን ቮስ ዓይናቸውን የስኳር በሽታ ከወሰደባቸው በኋላ፣ ከዕድሜ ልክ ድካማቸው አንድ ነገር ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ እርሱም በልጃቸው በሎዌል ጋራዥ ውስጥ በእንጨት ርብራብ ላይ የተጋደመው የ1932 ፎርድ መኪና ሻንሲ፣ መላ አካሉን የሚሸከመው የብረት አጽም ነው። ከኮሪያ ጦርነት በተመለሱ በዓመቱ፣ ከአንድ ገበሬ የአሳማ ጋጣ ኋላ ወድቆ ያገኙትን ያንን መኪና ጎትተው አምጥተው፣ አንድ ጎኑ ክፍት የነበረውን የሻንሲ ብረት በላሜራ ደፍነው፣ ከዳር እስከ ዳር በጋዝ በይደው፣ ትልቅ ሞተር ጭነውበት በኔብራስካ ሜዳ ላይ አስጋልበውታል። ከዚያ ወዲህ ቦዲው ሁለት ጊዜ ተለውጧል፤ ሞተሩማ ስንት ጊዜ እንደተለወጠ የሚያስታውስ የለም። የእጃቸው ሥራ ሆኖ የቀረው ከሥር ያለው ብቻ ነበር።

አሁን ሎዌል መኪናውን እንደገና ሊሠራው ፈታቶታል። ከፋብሪካ ያስመጣው አዲስ ሻንሲ ጥቁር ቀለሙን ተቀብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

የከተማችን ወንዶች ቅዳሜ ከሰዓት ቢራቸውን ይዘው በዚያ ጋራዥ ይሰበሰባሉ። ስለ አሮጌና ስለ አዲስ ሻንሲ የሚነሣው ክርክር በእኛ ዘንድ ከሃይማኖት ክርክር አይተናነስም፤ ወንድማማች ያኳረፈበትም ጊዜ አለ።

«ከሥሩ ያንን ያስገባህበት ዕለት፣» አለ ጊብ፣ የአቶ ኦሪን የልጅነት ጓደኛ፣ ጥቁሩን ብረት በአገጩ እያመለከተ፣ «ይኼ ፎርድ መሆኑ ቀረ። የሟች ኮት የለበሰ ሌላ ሰው ማለት ነው።»

«አንተ ደግሞ ዝገት ትሳለማለህ፣» አለ ሎዌል። «ሦስት መቶ ፈረስ ጉልበት ስጭንበት እንደ እርጥብ ፎጣ ነው የሚጠመዘዘው። መሪው ሥር ሲሰነጠቅ አንተ ገብተህ ትይዝልኛለህ?»

«አይሰነጠቅም፣» አሉ አቶ ኦሪን ከበሩ አጠገብ ከተቀመጡበት። «እኔ ነኝ የበየድኩት።»

«አባዬ፣ ያስፈራኝ እኮ አንተ የበየድከው መሆኑ ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሽማግሌው ግን ፈገግ እንኳ አላሉም፤ የዚህን ሳቅ አመጣጥ ያውቁታልና። ሎዌል ገና በልጅነቱ ብየዳ ሲማር፣ የበየደው ብረት በመዶሻ ተመትቶ የተቀደደ ዕለት፣ አባቱ ያንን ስባሪ ወደ ቤት ይዘው ይገቡና በእራት ሰዓት በልጁ ሳሕን ላይ ያኖሩት ነበር። «ያበሰልከውን ብላ፣» ይሉታል፤ እናቱም ምግብ እንዳታቀርብለት ይከለክሏት ነበር። በሰፈሩበት ቁና መሰፈር እንደማይቀር የሚያውቅ ሰው፣ ያ ልጅ አድጎ አባቱን በገዛ ጋራዡ ባስቀመጠ ጊዜ የሚሆነውን ሊያስብ ይገባው ነበር። እሳቸው አላሰቡም።

«ለምን በመዶሻ አትፈርዱም?» አለ ማይሎ፣ በከተማው ከሁሉ የተሻለው በያጅ። «ከጅራቱ በኩል፣ ከኋላ ጎማው አልፎ ካለው፣ አንድ ቁራጭ እንቆርጣለን፤ ሻንሲውን አይጎዳውም። በሞርሳ ጥርስ መካከል አጥብቀን አስረን እስኪታጠፍ እንመታዋለን። ብየዳው ከያዘ አሮጌው ይቀራል፤ ከተቀደደ አዲሱ ይገባል። ይስማማሉ ሚስተር ቮስ?»

«እስማማለሁ፣» አሉ አቶ ኦሪን፤ ፊታቸውም በራ። «ትልቁን መዶሻ ተጠቀሙ።»

ሎዌልም ተስማማ። የአባቱ ሥራ እንደሚቀደድ ልቡ ፈጽሞ አምኖ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የተመኘውም ይህንኑ ነው።

ማይሎ ቁራጩን ቆርጦ በሞርሳ አሰረውና መምታት ጀመረ። ብረቱ ዘመመ፣ ጎበጠ፣ በመጨረሻም እንደ ማጭድ ታጠፈ። ማይሎ መዶሻውን አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። በብየዳው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አልነበረም። ቀና ብሎ ሎዌልን አየው፤ ጊብም አየው፤ ሁሉም አዩት።

«ምን ሆነ?» አሉ አቶ ኦሪን።

ሎዌል፣ «ተቀደደ፣» አለ።

በጋራዡ ውስጥ ከነበሩት ወንዶች አንድ ስንኳ አፉን አልከፈተም። ጋራዡም ቢራውም የሎዌል ነበር፤ ከመካከላቸው ግማሾቹ ደግሞ መኪናቸው በእሱ እጅ ተፈታቶ የሚጠብቁ ናቸው።

«ሲቀደድ አልሰማሁትም፣» አሉ ሽማግሌው። «ብየዳ ሲቀደድ ይጮኻል።»

«ጆሮህም ዓይንህን ተከትሎ ሄዷላ።»

«ስጠኝ እስቲ። ልዳብሰው።»

ሎዌል ወደ ጥግ ሄደ። በዚያው ጠዋት አዲሱን የብየዳ ማሽኑን ሲሞክር እሱ ራሱ በይዶ በራሱ መዶሻ የቀደደው ቁራጭ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። አንሥቶ በአባቱ መዳፍ ላይ አኖረው። ይስሐቅ ዓይኖቹ በፈዘዙ ጊዜ የፍየል ጠጕር ዳስሶ «ልጄ ነህ» ብሎ ባርኳል፤ የአቶ ኦሪን አውራ ጣት ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሸነገል አልነበረም። በስባሪው ጠርዝ ላይ ዝግ ብሎ ሄደ፤ ተመለሰ፤ ቆመ።

«ይኼ የኔ አይደለም፣» አሉ። «እኔ በጋዝ ነው የበየድኩት። የጋዝ ብየዳ ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው። ይኼ ጠባብና ጉብ ያለ ነው፤ የኤሌክትሪክ ነው።» ቁራጩን አገላብጠው ደግመው ዳሰሱት። «ብረቱ ውስጥ አልገባም፤ ላዩ ላይ ተኝቶ ቀርቷል። የማን እንደሆነ ልንገራችሁ? የሎዌል ነው። ያኔም አይገባለትም ነበር፤ ዛሬም አልገባለትም።»

በቅድሚያ የሳቀው ጊብ ነበር። ከዚያ ሌላው ተከተለ፤ ጥቂት ቀደም ብሎ በፍርሃት የታሰረው አፍ ሁሉ በሳቅ ተፈታ። ማይሎ እንኳ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽማግሌውም ከእነርሱ ጋር ሳቁ፤ ዝም ቢሉ በተሻላቸው ነበር።

ሎዌል ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያም የአባቱን ወንበር ከነሰውየው እየጎተተ ወደ ርብራቡ አስጠጋው።

«ልክ ነህ፣ አባዬ። ያንተው ያዘ፤ እንደ ማጭድ ታጥፎም አልተቀደደም። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ብየዳ አላየሁም። ይኼን ነበር መስማት የፈለግከው አይደል? በል ደግሞ ይኼን ስማ።»

የጋዝ መቁረጫውን ለኰሰ።

«ሎዌል፣» አለ ማይሎ፣ «ቃል ገብተሃል እኮ።»

«ጋራዡ የማን ነው?»

ማይሎ ጃኬቱን ፈልጎ ለበሰ። ሎዌል ከመጋጠሚያዎቹ ሁሉ ያማሩትን እየመረጠ ቆረጠ። አንዱ ብረት ተቆርጦ በሲሚንቶው ላይ በወደቀ ቁጥር የትኛው እንደሆነ ለአባቱ ይነግራቸው ነበር፤ «ይኼ የሞተሩ መቀመጫ፤ ይኼ የመሪው ሥር፤» እያለ። አቶ ኦሪን እጃቸውን ወደ ሙቀቱ ዘረጉ፤ ሎዌል መልሶ በጉልበታቸው ላይ አስቀመጠላቸው።

በመስከረም፣ የመከር በዓል ሰልፍ በሚደረግበት ቀን፣ ቀይ ቀለም የተቀባው ፎርድ በአዲሱ ሻንሲ ላይ ሆኖ ከጋራዡ ወጣ። ከመነሣታቸው በፊት ሎዌል ለአባቱ ሸሚዛቸውን እየቆለፈላቸው እንዲህ ብሎ ነበር፦ «ዛሬ አዲሱን ሻንሲ በሰው ፊት ታመሰግነዋለህ። አለዚያ ሰኞ ጠዋት አውራጃው የአረጋውያን ማኖሪያ ነው የማወርድህ፤ የሚያጥብህም ሌላ ሰው ይሆናል።»

በዋናው መንገድ ላይ ሕዝቡ አጨበጨበ። አሮጌው ሻንሲ ድሮ የመንገዱን ጠጠር ሁሉ ለወገባቸው ይናገር ነበር፤ አዲሱ ግን አንዳች አልነገራቸውም፤ ባሌስትራው ሁሉን ዋጠው። አቶ ኦሪን የት እንደደረሱ እንኳ ሳያውቁ መኪናው ቆመ። ሎዌል ሞተሩን አጠፋ።

«ንገራቸው እንጂ፣ አባዬ። እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው።»

«ጊብ ከማዶ ቆሟል፤ አልሰማህም። ከፍ አድርገው።»

አቶ ኦሪን ፊታቸውን ወደ ሰዉ ድምፅ አዞሩ።

«ጥሩ ነው!» አሉ ጮኸው። «እኔ ከሠራሁት ይበልጣል።»

ሕዝቡ እንደገና አጨበጨበ። ሎዌል ሞተሩን አስነሣ፤ ወደሚቀጥለውም የመንገድ ማዕዘን ሄዶ ደግሞ አቆመ።