ከኋላ ሰው ሲኖር

ዋለልኝ በቤንዚን መቅጃው ላይ ጣቱን ወደ ርካሹ፣ ወደ 87 ቁልፍ ሲሰድ ተናኘወርቅ እጁን ያዘችው።

«93 ይሁን። ይገዙ ሌላ ቀድቶ አያውቅም።»

ቤንዚን ያለቀበትን ሞተር ሳይክል ከቤቷ ጋራዥ አውጥተው፣ እየገፉ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ማደያ ገና መድረሳቸው ነበር። ዋለልኝ የሟች ባሏ የይገዙ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሞተሩን ነድቶ አሌክሳንድሪያ ከተማ ለሚጠብቀው ገዢ ያስረክባል። ሁለቱ ሄልሜቶችም አብረው ተሸጠዋል።

«እትዬ፣ ይቺ ሞተር 87 ይበቃታል። ማኑዋሏም የሚለው ይህንኑ ነው። 93 ለሌላ ዓይነት ኢንጂን ነው እንጂ፣ ውድ መሆኑ ንጹሕ አያደርገውም።»

«ንጹሕ ያልሆነው ምን እንደሚያደርግ እኔን ጠይቀኝ።»

በተጋቡበት ዓመት ክረምት፣ ከደሴ ወደ ሐይቅ ሲወርዱ፣ ይገዙ ከመንገድ ዳር በጀሪካን የገዛው ቤንዚን ላምባ ተቀላቅሎበት ኖሮ ሞተራቸው እያሳለ ቆመ። እርሷ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ዝናቡም አላባራ አለ። ኮቱን አልብሷት፣ ሞተሩን እየገፋ፣ «ሁለተኛ በርካሽ ቤንዚን መንገድ ላይ አላስቀርሽም» አላት። ቃሉን ባሕር ተሻግሮም ጠበቀ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ሊንሸራሸሩ ሲወጡ፣ ወገቡን አቅፋ፣ 93ን ሲጫን በትከሻው ላይ አሻግራ ታየው ነበር። እርሱ ከሞተ ወዲህ ኮርቻው ላይ ወጥታ አታውቅም።

«እዚህ አገር ላምባ የሚቀላቅል እንደሌለ አልነገርከውም?»

ዋለልኝ ሳቀ። «ስንቴ! ደግሞም ያውቃል። ብቻውን ሥራ ሲሄድ 87 ነበር የሚቀዳው።»

«ይገዙ?»

«በዓይኔ አይቼዋለሁ። ‹ምነው ዛሬ ቆጠብክ?› ስለው፣ ‹ተናኘ ከኋላዬ የለችም› አለኝ።»

ተናኘወርቅ የኮርቻውን የኋላ ክፍል፣ ቆዳው የሳሳበትን ቦታ፣ በመዳፏ ዳበሰችው።

«እንግዲህ የቱን ልጫን? ገዢው ደጋግሞ ኮል እያደረገ ነው።»

«ቆይ፣ እኔ እጫነዋለሁ።»

ከመሪው ላይ የተንጠለጠለውን ትንሹን ሄልሜት ፈትታ አጠለቀችው፤ ማሰሪያውን አገጯ ሥር አጠበቀች። ከዚያ 93ን ተጫነች።

«እትዬ፣ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ቅዳ አንተ። እስከ አሌክሳንድሪያ ከኋላህ ሰው አለ።»